ዘመድ የማያሳስተው ፕራይመር

በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድገው ቡና የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ነው። አረቢካ በእያንዳንዱ ሴሉ 44 ክሮሞዞሞች ይይዛል፤ ግማሾቹ ሮቡስታን ከሚሰጠን ከኮፊያ ካኔፎራ፣ ግማሾቹ ደግሞ ኮፊያ ዩጂኒዮይድስ ከተባለ የምሥራቅ አፍሪካ የዱር ቡና የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የአረቢካ ጂኖም ጥናት ሁለቱ የተዳቀሉት ከዛሬ 610 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ገምቷል። ለቡና ጠጪ ይህ ጥሩ ወግ ነው። ከዘጌው አዝዋ ማርያም አካባቢ ቅጠል ቀጥፎ፣ ዲኤንኤውን አውጥቶ አንድ ዘረመል በፒሲአር ለማባዛት ለሚቀመጥ ሰው ግን ራስ ምታት ነው። የሚፈልገው ዘረመል በአንዱ ተክል ውስጥ በሁለት ቅጂ፣ በጥቂት ፊደላት ብቻ ተለያይቶ ይጠብቀዋል። ፕራይመሮቹ ሁለቱንም ከያዙ ጄሉ ላይ አንድ ንጹሕ መስመር ይወጣል፤ ሁሉም ነገር የተሳካ ይመስላል። መስመሩ ሲነበብ ግን በየቦታው ሁለት ሁለት ፊደል ተደራርቦ ይታያል፤ ያልጠረጠረ ሰውም ዛፉ ከአባትና ከእናቱ የተለያየ ዘረመል እንደወረሰ አድርጎ ይጽፋል። አረቢካ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ የሚራባ ተክል ነው። እንዲህ ያለ ውጤት በየዛፉ ሲደጋገም መጠርጠር ያለበት ዛፉ ሳይሆን ፕራይመሩ ነው።

ስለ ፕራይመር ንድፍ የሚሰጡ ሥልጠናዎችና መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ በቁጥር ይጀምራሉ፦ ርዝመቱ ይህን ያህል፣ የሚለያይበት ሙቀት ይህን ያህል፣ የጂ እና የሲ ድርሻ ከዚህ እስከዚህ። ቁጥሮቹ ስሕተት የለባቸውም። የሚጎድላቸው "ከማን ለመለየት?" የሚለው ጥያቄ ነው። ፕራይመር ብቻውን ልዩ ወይም ልቅ አይሆንም፤ ልዩነቱ የሚለካው በዚያው ቱቦ ውስጥ አብሮት ሊኖር ከሚችለው የቅርብ ዘመድ አንጻር ነው። የጣና ዳርቻ ደግሞ ዘመዳሞች የበዙበት ምድር ነው፦ ቡናው፣ ዓሣው፣ የወባው ተውሳክ፣ ቢልሃርዝያው፣ የካላ አዛሩ ተውሳክ። ይህ ዳሰሳ የፕራይመርን ጥበብ በእነሱ በኩል ይቃኛል።

ከመሠረቱ እንነሣ። ኬሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሰበውና በ1993 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ፒሲአር አሠራሩ ቀላል ነው። ዲኤንኤው እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሁለቱ ዘንጎቹ ይለያያሉ። ሙቀቱ ሲቀንስ ፕራይመር የሚባሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 25 ፊደል የሚረዝሙ አጫጭር ነጠላ ዘንጎች የሚገጥሟቸውን ቦታ ፈልገው ይጣበቃሉ፤ አንዱ ከተፈላጊው ክፍል በዚህ በኩል፣ ሌላው በዚያ በኩል። ከዚያ ፖሊሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም ከፕራይመሩ ጫፍ ተነሥቶ አዲስ ዘንግ ይገነባል። ዙሩ 30 ጊዜ ሲደገም ከአንድ ቅጂ በስሌት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢንዛይሙ በየዙሩ በሙቀት ስለሚበላሽ በየጊዜው እንደ አዲስ ይጨመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ከፍል ውኃ ባክቴሪያ የተገኘው ታክ ፖሊሜሬዝ ሲገባ ድካሙ ብቻ አልነበረም የቀረው። ኢንዛይሙ ሙቀት ስለሚችል ፕራይመሩ የሚጣበቅበትን ሙቀትም ከፍ ማድረግ ተቻለ፤ ከፍ ባለ ሙቀት ደግሞ በግማሽ ልብ የተጣበቀ ፕራይመር ይለቃል። በልዩነት ረገድ የመጀመሪያው ትልቅ እመርታ የመጣው ከፕራይመሩ ሳይሆን ከኢንዛይሙ መሆኑን ብዙዎች ይረሱታል።

ርዝመትስ ምን ይሠራል? በባሕር ዳር ገበያ መሃል ቆሞ "ካሳሁን!" ብሎ የተጣራ ሰው ብዙ አንገት ያዞራል። የአባት ስም ሲጨምር ጥቂቶች ይቀራሉ፣ የአያት ሲጨምር ምናልባት አንድ። የፊደል ቁጥርም እንዲሁ ነው። 16 ፊደል ያለው ቅደም ተከተል ሊደረደር የሚችልባቸው መንገዶች 4.3 ቢሊዮን ያህል ናቸው፤ የሰው ጂኖም ደግሞ 3.1 ቢሊዮን ፊደል ገደማ ነው። ስለዚህ ከ17 ፊደል በላይ የሆነ ፕራይመር በአጋጣሚ ብቻ ሌላ ቦታ የመግጠም ዕድሉ ትንሽ ነው። ችግሩ ወንድማማቾች የአባትም የአያትም ስማቸው አንድ መሆኑ ነው። ርዝመት ከባዕድ ይለያል እንጂ ከወንድም አይለይም። ከወንድም ለመለየት ሁለቱ የሚለያዩበትን አንዲት ፊደል ፈልጎ ማግኘትና በፕራይመሩ ላይ በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ያ ቦታ የሦስት ፕራይም ጫፍ ነው። ፖሊሜሬዝ ግንባታውን የሚጀምረው ከዚህ ጫፍ ስለሆነ የመጨረሻዋ ፊደል ካልገጠመች ሥራው ይደናቀፋል። በአምስት ፕራይም በኩል ያለ አለመገጣጠም ግን ብዙም አይጎዳም፤ ተመራማሪዎች ሆን ብለው የማይገጥም ጅራት የሚያክሉትም በዚያ በኩል ነው። አለመገጣጠም ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ሥራ ኤ ከጂ፣ እንዲሁም ሲ ከሲ ጫፍ ላይ ሲጋጠሙ ምርቱ በመቶ እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ፣ ቲ ከጂ ሲጋጠም ግን ኢንዛይሙ እምብዛም ሳይቸገር እንደሚያልፍ አሳይቷል። ስለዚህ "ጫፉ ላይ ልዩነት አለ" ማለት አይበቃም፤ የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እንደሚፋጠጥ ማየት ግድ ነው። ደካማ አለመገጣጠም ሲያጋጥም፣ ከጫፉ ጥቂት ፊደል ወደ ውስጥ አንዲት የተሳሳተች ፊደል ሆን ብሎ መጨመር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የታወቀ መላ ነው። ትክክለኛው ዒላማ አንድ ስሕተት ይችላል፤ ዘመዱ ግን ሁለት ስሕተት ተደራርቦበት ይወድቃል። ለዘጌው ቡና መፍትሔውም ይኸው ነው፦ ሁለቱ ወላጆች የሚለያዩበትን ፊደል ጫፍ ላይ አስቀምጦ አንዱን ወገን ብቻ ማንበብ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ያሰናከለች አንዲት ወጥመድ አለች። ለጥራት ሲባል የራሱን ስሕተት የሚያርም ፖሊሜሬዝ የተጠቀመ ሰው የጫፍ ዘዴው ፈጽሞ አልሠራ ይለዋል። አራሚው ኢንዛይም ያልገጠመችውን ፊደል ቆርጦ ይጥልና በትክክለኛዋ ተክቶ መንገዱን ይቀጥላልና። ታክ የማረም ችሎታ የለውም። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በዚሁ ድክመቱ ነው።

ሙቀቱን በሚመለከት ቀላሉ የቆየ ስሌት ለኤ እና ለቲ ሁለት ሁለት ዲግሪ፣ ለጂ እና ለሲ አራት አራት ዲግሪ ይሰጣል። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙት ጆን ሳንታሉቺያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያጠናቀረውን፣ እያንዳንዱን ፊደል ከጎረቤቱ ጋር የሚመዝነውን ቀመር ነው። ሻካራው ስሌት ግን አንድ ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ግማሹ ጂ እና ሲ የሆነ ባለ 20 ፊደል ፕራይመር 60 ዲግሪ ያገኛል። የፋልሲፓረም ወባ ተውሳክ ጂኖም ግን 23 ሚሊዮን ያህል ፊደል ኖሮት ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ኤ እና ቲ ነው። ከዚያ የተቀዳ፣ አንድ አምስተኛው ብቻ ጂ እና ሲ የሆነ ባለ 20 ፊደል ፕራይመር 48 ዲግሪ ላይ ይቀራል። ሙቀቱ ሲወርድ የማይፈለገውም ይጣበቃል። በዚያ ላይ በአራት ፊደል የተሠራ ዓለም በሁለት ፊደል ወደተሠራ ሲጠብ በአጋጣሚ መግጠም ይበዛል። ስለዚህ ለወባ ፕራይመር የሚነድፍ ሰው ከመደበኛው ልኬት ረዘም ያደርጋል፤ ወይም እንደ ራይቦሶም አርኤንኤ ዘረመል ያለ የፊደሉ ስብጥር የተሻለ ቦታ ይመርጣል።

ሁለተኛው መንገድ ነው የተለመደው። ዦርዥ ስኑኑና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ኔስትድ ፒሲአር በኢትዮጵያ የወባ ጥናቶችም ሰፊ ቦታ ይዟል። የመጀመሪያው ዙር የወባ ወገን የሆነውን ሁሉ ይይዛል፤ ሁለተኛው ዙር ከዚያ ውጤት ውስጥ ለፋልሲፓረም 205 ፊደል የሚረዝም፣ ለቫይቫክስ 120 ፊደል የሚረዝም ቁራጭ ያወጣል። ሁለት ጥንድ ፕራይመሮች አንዱ በሌላው ውስጥ መግባታቸው ልዩነቱን ያጠናክራል። ዋጋው ግን ቱቦውን መሃል ላይ መክፈት ነው፤ በቢሊዮን የተባዛ ዲኤንኤ በአየርና በፒፔት ወደ ቀጣዩ ናሙና ይሻገራል። ሁለት የተለያዩ ክፍሎች በሌሉበት ቤተ ሙከራ ኔስትድ ፒሲአር ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ። የኦቫሌ ወባ ታሪክም አብሮ መነሣት አለበት። ለእሱ የተነደፈው የመጀመሪያ ፕራይመር አንዳንድ የተውሳኩን ዓይነቶች ሲያመልጡት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦቫሌ የሚባለው በእርግጥ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች እንደሆነ ተረጋገጠ። ፕራይመሩ ከመጠን በላይ ልዩ ሆኖ ግማሹን ቤተሰብ ረስቶት ነበር።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ የነበረው ፈጣን የወባ መመርመሪያ ፋልሲፓረምን የሚያውቀው ኤችአርፒ-2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረመል የተሰረዘባቸው ተውሳኮች እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ ሪፖርት ተደረጉ፤ በኋላ በኤርትራ በብዛት ታዩ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከውጭ ባልደረቦች ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት በዚህ መሰረዝ ምክንያት ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ የሚሆኑት በኤችአርፒ-2 መመርመሪያ ሊታለፉ እንደሚችሉ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። አንድ አገር የሚገዛው መመርመሪያ ይለወጥ ወይስ አይለወጥ የሚለው ውሳኔ እንግዲህ ፕራይመሮች "የለም" ባሉት ላይ ያረፈ ነው።

"የለም" ደግሞ ለፕራይመር ከሁሉ የከበደ ቃል ነው። ኤችአርፒ-2 በስምንተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ዘረመል ነው፤ በ13ኛው ላይ ኤችአርፒ-3 የሚባል ወንድም አለው፤ ሁለቱ በተደጋጋሚ ክፍላቸው በጣም ይመሳሰላሉ። ፕራይመሩ በተመሳሰሉበት ቦታ ላይ ከተቀመጠ ኤችአርፒ-2 ቢሰረዝም ኤችአርፒ-3ን አባዝቶ "አለ" ይላል፤ የተሰረዘው ተውሳክ በሰላም ያልፋል። ከሚለያዩበት ፊደል ላይ ሲቀመጥ ደግሞ የተገላቢጦሽ አደጋ አለ። እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ፊደል የተለወጠችበት የአካባቢ ተውሳክ ሲያጋጥም ፕራይመሩ አይጣበቅም፤ ያልተሰረዘውም "ተሰርዟል" ተብሎ ይመዘገባል።

ከሁለቱም የረቀቀው ሦስተኛው ስሕተት ነው፤ በንድፍ መጻሕፍት ውስጥ ብዙም አይነሣም። ጥናቶች "ናሙናው ላይ የወባ ዲኤንኤ አለ" ብለው የሚያረጋግጡት ብዙ ጊዜ በራይቦሶም አርኤንኤ ዘረመል ነው። ይህ ዘረመል በአንድ ተውሳክ ውስጥ በበርካታ ቅጂ ይገኛል፤ ኤችአርፒ-2 ግን በአንድ ብቻ። ጥቂት ተውሳክ ባለበት፣ በወረቀት ላይ በደረቀ የደም ጠብታ ውስጥ ብዙ ቅጂ ያለው ይገኛል፣ ነጠላው ይጠፋል። ከዚያ "ወባ አለ፣ ኤችአርፒ-2 የለም፤ ስለዚህ ተሰርዟል" ይባላል። ድምዳሜው ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ፕራይመሩ ግን አልዋሸም፣ ከማይመጥነው ጋር ተወዳደረ እንጂ። ለዚህ ነው በዓለም ጤና ድርጅት ዘንድ ያለው አካሄድ እንደ ኤምኤስፒ-1 እና ኤምኤስፒ-2 ያሉ ነጠላ ቅጂ ዘረመሎችን በመቆጣጠሪያነት የሚጠይቀው። የ"አለ" ምስክርና የ"የለም" ምስክር እኩል ዓይን ሊኖራቸው ይገባል።

በነገራችን ላይ፣ ዝምታን እንደ ማስረጃ ከመቁጠር የሚያድን የተሻለ ንድፍ በሳንባ ነቀርሳ ጥናት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ነበር። አዲስ አበባ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የሰውን ነቀርሳ ከከብት ነቀርሳ ሲለዩ የተጠቀሙበት ዘዴ አርዲ-9 እና አርዲ-4 የተባሉ ክፍሎች መኖር አለመኖራቸውን ያያል። ፕራይመሮቹ ግን ክፍሉ ሲኖር አንድ ርዝመት፣ ሲሰረዝ ደግሞ ሌላ ርዝመት ያለው ቁራጭ እንዲወጣ ሆነው ተነድፈዋል። በሁለቱም መልስ ላይ ጄሉ ይናገራል፤ ጄሉ ዝም ካለ የተበላሸው ሙከራው ነው። በኢትዮጵያ የአንገት እጢ ነቀርሳ መብዛቱ ከጥሬ ወተት ጋር ሲያያዝ ቆይቶ፣ በዚህ ዘዴ ሲታይ ከሕሙማኑ የተገኘው በአብዛኛው የሰው ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። በአማራ ክልል በወልድያ አካባቢ በብዛት የሚታየው፣ በዓለም ሰባተኛ የተባለው የነቀርሳ የዘር ሐረግም የተለየው በዚያው ዘመን ነው። የውጭ አገር ናሙና ብቻ አይቶ የተነደፈ ፕራይመር የማያውቀው የቤተሰብ አባል በአገራችን ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ዘጌ ዳርቻ ላይ ያለው ሌላው ጉዳይ ቢልሃርዝያ ነው። በባሕረ ገብ መሬቱ ልጆች ሰገራ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአንጀት ቢልሃርዝያን በተደጋጋሚ መዝግበዋል። በሰገራ ውስጥ እንቁላል በማይክሮስኮፕ መቁጠር እንቁላሉ ሲያንስ ያመልጣል፤ ስለዚህ ፒሲአር ይፈለጋል። የአንጀት ቢልሃርዝያን ለሚያመጣው ተውሳክ፣ ለእስኪስቶሶማ ማንሶኒ፣ ከታወቁት ዒላማዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 የተገለጸው ባለ 121 ፊደል ድግግሞሽ ነው፤ ከተውሳኩ ጂኖም 12 በመቶ ገደማ የሚይዘው እሱ ነው። እንዲህ የበዛ ዒላማ ያለው ፕራይመር ጥቂት የዲኤንኤ ፍርፋሪም ቢሆን ያገኛል። ነገር ግን ድግግሞሾች በቅርብ ዘመዶች መካከል የመወረስ ባሕርይ አላቸው። በምሥራቅ አፍሪካ የማንሶኒ እኅት የሆነች፣ አይጦችን የምትይዝና በዚያው ዓይነት ቀንድ አውጣ የምትሻገር እስኪስቶሶማ ሮድሃይኒ አለች፤ ሁለቱ ሊዳቀሉም ይችላሉ። ለሕመምተኛ ሰገራ ይህ አያሳስብም፤ ከሐይቅ ዳር የተለቀመ ቀንድ አውጣ ወይም የተጣራ ውኃ ሲመረመር ግን ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኬንያ የቢልሃርዝያን ዲኤንኤ ከውኃ መለየት እንደሚቻል የታየው በማይቶኮንድሪያ ዘረመል ነው። ይህም የራሱ ገደብ አለው፦ ማይቶኮንድሪያ የእናት ውርስ ስለሆነ ዲቃላ ሲያጋጥም የሚነግረን ስለ እናቱ ብቻ ነው። በጣና ውኃ ላይ ይህን ለመሞከር የሚያስብ ሰው ሁለት ዓይነት ፕራይመር፣ አንዱን ከማይቶኮንድሪያ ሌላውን ከኒውክለስ፣ ይዞ ይቅረብ።

ከሐይቁ ማዶ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ሊቦ ከምከም ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቀው የካላ አዛር ወረርሽኝ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። የካላ አዛር ተውሳክ ካይኔቶፕላስት በተባለ ክፍሉ እስከ 10 ሺህ የሚደርሱ ጥቃቅን የዲኤንኤ ቀለበቶች አሉት። በእነሱ ላይ የተነደፈ ፕራይመር ጥቂት ተውሳክ ያለበትን ደም ይይዛል፤ ሆኖም "የሊሽማኒያ ወገን ነው" ከማለት አያልፍም። በደጋው ቁንጭር የሚያመጣው ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ይሁን ካላ አዛር የሚያመጣው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ለመለየት እንደ ኤችኤስፒ-70 ወዳሉ ዘረመሎች መሄድ ያስፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ ቅጂው ያንሳል። ሐኪሙ የሚፈልገው "አለ?" ነው ወይስ "የትኛው?" ይህን ሳይጠይቁ ፕራይመር መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ዓሣዎቹ ደግሞ የፕራይመርን ወሰን ያሳያሉ። በጣና ከ15 በላይ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ከአንድ የዘር ግንድ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተበራክቶ እስከ ዛሬ የቀረ የካርፕ ወገን ዓሣ ሌላ ቦታ የለም። በአፍ፣ በጭንቅላትና በአመጋገብ ይለያያሉ፤ በማይቶኮንድሪያ ዘረመላቸው ግን እጅግ ተቀራርበው ዝርያን ከዝርያ መለየት አልተቻለም። በዚያ ላይ ክሮሞዞሞቻቸው ስድስት ስብስብ፣ 150 ያህል ናቸው፤ የቡናው ችግር እዚህ ብሶ ይመጣል። በመራቢያ ወቅት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች የሚወጡትን ከውኃ በተገኘ ዲኤንኤ ለመቁጠር የሚያስብ ሰው "ላቢዮባርበስ እዚህ አለ" የሚል መልስ ያገኛል፤ የትኛው እንደሆነ ግን በአንድ ጥንድ ፕራይመር አያገኝም። ዲኤንኤው ያልያዘውን ልዩነት ፕራይመር ሊፈጥረው አይችልም። እንዲህ ባለ ጊዜ መረብና የዓሣ ባለሙያ ዓይን ይሻላሉ።

ቴክኖሎጂው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሙቀት እስኪደርስ ኢንዛይሙን የሚያስሩ ዘዴዎች በክፍል ሙቀት የሚፈጠረውን የተሳሳተ ጅምር አስቀርተዋል፤ እኔ ከሁሉ በፊት ገንዘብ ቢወጣበት የምመክረው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጣው፣ በከፍተኛ ሙቀት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚወርደው ዘዴ ከኪስ ምንም አያስወጣም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኮሪያውያን ያወጡት ባለ ሁለት ክፍል ፕራይመር ረጅም መያዣና አጭር ወሳኝ ጫፍ በላላ ድልድይ ያገናኛል፤ አጭሩ ካልገጠመ ረጅሙ ብቻውን አያስጀምርም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተገለጸው ሌላ ዘዴ ጫፉን ዘግቶ፣ ፕራይመሩ በትክክል ከገጠመ ብቻ ኢንዛይም መጥቶ እንዲከፍተው ያደርጋል። የሚያበራ መጠይቅ መጨመር ደግሞ ከሁለቱ ፕራይመሮች ሌላ ሦስተኛ ምስክር ያቆማል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ ባሕር ዳር የሚገኘው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን ጨምሮ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ያወቁት እውነት አለ፦ ቫይረሱ ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አልፋ የተባለው ዓይነት ሁለት አሚኖ አሲድ በመጣሉ አንዳንድ ኪቶች አንዱን ዒላማ ሳቱ፤ ምርመራው የተረፈው ሌሎች ዒላማዎች ስለነበሩት ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ተስፋ የተጣለበት ላምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓናውያን ያወጡት ይህ ዘዴ በአንድ ሙቀት፣ 65 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ አራት ፕራይመሮች ስድስት ቦታ እንዲያውቁ አድርጎ ይሠራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጣና በስተ ሰሜን በነፍሰ ጡሮች የወባ ምርመራ ላይ ፈትነውታል። ስድስት ቦታ ማወቁ በወረቀት ላይ ከፒሲአር የበለጠ ልዩ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ከአራቱ ሁለቱ 40 ፊደል ገደማ ስለሚረዝሙ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ያለ ምንም ናሙና ሊባዙ ይችላሉ፤ ብጥብጥነትን ወይም ቀለምን ብቻ የሚያይ ሰው ደግሞ ይህን ከእውነተኛው አይለይም። በወባ ጂኖም ላይ በ65 ዲግሪ የሚጣበቅ ባለ ብዙ ቦታ ዒላማ ማግኘትም ቀላል አይደለም፤ የንግድ ኪቶቹ ወደ ማይቶኮንድሪያ የሄዱት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ተማሪ ዛሬ በነፃ ፕራይመር-ስሪን እና ፕራይመር-ብላስትን ከፍቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጥንድ ያገኛል። ሁለቱም ግሩም መሣሪያዎች ናቸው። ፕራይመር-ብላስት ግን ፕራይመሩን የሚያመሳክረው በመረጃ ቋቱ ውስጥ ከገባው ጋር ብቻ ነው። የጣና ቀንድ አውጣ፣ የዘጌ ቡና፣ የፎገራ ከብት ተውሳክ ቅደም ተከተል እዚያ ካልገባ ፕሮግራሙ "ሌላ የሚገጥም የለም" ሲል እውነቱን ነው፤ የማያውቀውን ዘመድ አላየውም። የዘረመል ሀብት አጠቃቀምን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/2006 ባለበት አገር መረጃን ለዓለም መልቀቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ጥንቃቄ ግን ፈጽሞ አለማንበብ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። በዚህ አካባቢ ለፕራይመር ልዩነት ትልቁን እመርታ የሚያመጣው አዲስ ኬሚስትሪ ሳይሆን የዘመዶች ዲኤንኤ ስብስብ ነው፦ ሁለቱ የቡና ወላጆች፣ የወባ ዓይነቶች ሁሉ ከተሰረዘባቸው ጭምር፣ ማንሶኒና እኅቷ፣ ሁለቱ ሊሽማኒያዎች፣ የሰውና የከብት ነቀርሳ። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ከክልሉ የጤና ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው እንዲህ ያለ ስብስብ በአንድ ፍሪዘር ቢያስቀምጡና ለጠየቃቸው ቢሰጡ፣ ማንኛውም ተማሪ አዲስ ፕራይመሩን ከመታመኑ በፊት በአንድ ቀን ይፈትነዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚመሩ መምህራንም አንድ ሰንጠረዥ ቢያስገድዱ ብዙ ይጠቅማሉ፦ ፕራይመሩ ያባዛው ሳይሆን ያላባዛው ዝርዝር። እርስዎም አንባቢ ሆይ፣ "ይህ ፕራይመር ልዩ ነው" የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥምዎ በየትኞቹ ዘመዶች ላይ እንደተፈተነ ይፈልጉ፤ ዝርዝሩ ከሌለ ፕራይመሩን ከማዘዝዎ በፊት ለጸሐፊው ደብዳቤ ይጻፉ።